ፍየሏ ምን ደረሰች?

አያ እንድሪስ ያረፉ ቀን እኔ ወልድያ ፀጉሬን እየተቆረጥኩ ነበር። ግራው ጎን አልቋል፣ ቀኙ ገና ነው። ስልኬ ጮኸ። ሰይድ ነው፣ የድሮ ተማሪዬ። ወሬ የማያልቅበት ልጅ «ጋሼ» ብቻ አለኝ። 

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«አያ እንድሪስ ሄዱ። የቀትሩ ዙሁር ተሰግዶ ወዲያው ይቀበራሉ።»

የሙስሊም ቀብር እንደኛ አይደለም፤ ዘመድ ከአዲስ አበባ እስኪገባ ብሎ አይጠብቅም። እሳቸው ያሉበት ግራና ለመድረስ ደግሞ መጀመሪያ መርሳ መውረድ አለብኝ። ብድግ ስል ፀጉር አስተካካዩ ደነገጠ።

«ጋሼ፣ ግማሹ ቀርቷል እኮ!»

«ለሌላ ጊዜ ይቆየኝ» አልኩት። አዘነልኝና የራሱን ኮፍያ አውልቆ ሰጠኝ። ግንባሩ ላይ የኳስ ቡድን አርማ ያለበት ቀይ ኮፍያ። በሕይወቴ በጣም ወደማከብረው ሰው ቀብር የሄድኩት እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ነው። እሳቸው ቢያዩኝ ምን እንደሚሉ አውቀዋለሁ፤ «ጋሻው፣ ዛሬም ግማሽ ሠርተህ መጣህ?»

ሚኒባሱ ሲሪንቃን እስኪያልፍ ይሄን ድምፅ ስሰማ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ «ብቻህን የምትስቀው ደህና ነህ?» አለችኝ። ደህና አልነበርኩም።

እኔ ግራና አሥራ አንድ ዓመት ስፖርት አስተምሬያለሁ። አስተምሬያለሁ ስል፣ ለልጆቹ ኳስ እሰጣለሁ፣ ፊሽካ እነፋለሁ፣ ከዚያ ጥላ ፈልጌ እቀመጣለሁ። ሜዳ ስንገባ ሆዴ ነው የሚቀድመኝ። አያ እንድሪስ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ነበሩ። መምህር አይደሉም። ግን የተማሪ ስም፣ ውጤት፣ ደረጃ፣ ካርድ፣ መሸኛ፣ ሁሉም በሳቸው እጅ ነው የሚያልፈው። ረጅም ናቸው፣ ቀጭን፤ የኔን ግማሽ ሥጋ ለሳቸው ብንሰጣቸው ሁለታችንም ሰው እንመስል ነበር። ነጭ ኮፍያቸው ሥር ሁለት እስክሪብቶ ይሰካሉ፣ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ቀይ። ሰማያዊው በየወሩ ይቀየራል። ቀዩ ግን ስንት ዓመት ያው ነው። አንድ ቀን ተውሼ ልጽፍበት ብል አይጽፍም፤ ደርቋል።

«አያ፣ ይሄ እኮ ሞቷል!»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ማስፈራሪያ ነው።»

ስም የመያዝ ችሎታቸው ሌላ ነበር። እኛ ሰፈር የስም እጥረት አለ። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ፋጡማ፣ አራት ሰይድ፣ አባታቸውም አሊ ወይም ሁሴን ነው። መምህሩ «ፋጡማ ሰይድ!» ሲል ሦስት ልጅ ይነሳል። አያ እንድሪስ ግን በአያት፣ በሰፈር፣ በእናት ጭምር ይለዩዋቸዋል። ወረቀት ሳያዩ የአንድን ክፍል ውጤት ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ይወርዱት ነበር። «ወረቀት ለረሳ ሰው ነው» ይሉናል፣ ቀና ብለው። የተኩራሩበት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ግን በገበያው ነው። አንድ ዓመት መዝጊያ ላይ ወላጆችን ጠራን። ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ። አምስት ሰው መጣ። ከአምስቱ ሁለቱ የጠፋ አህያ ፍለጋ የመጡ ነበሩ። ዳይሬክተሩ ስለ ትምህርት ጥራት ሲናገር በትሕትና አዳምጠው ሲያበቁ «ጥሩ ብለዋል፤ ቡላ ናት፣ ጆሮዋ የተቆረጠ» አሉት። ያን ቀን አያ እንድሪስ ተነሱና፣

«ወላጅ ወደ ውጤቱ ካልመጣ ውጤቱ ወደ ወላጁ ይሂድ» አሉ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ፣ ትምህርት በተዘጋ በመጀመሪያው የገበያ ቀን፣ የኔን ሜጋፎን ይዘው ግራና ገበያ መሐል ይቆማሉ። ሜጋፎኑ የስፖርት ክፍሉ ብቸኛ ንብረት ነው፤ ባትሪው ሁልጊዜ ሊያልቅ የደረሰ ስለሆነ አንዳንዱን ልጅ ስሙን ይውጠዋል። የልብስ ሰፊው አግዳሚ ላይ ይወጡና፣

«ጀመዓው! እስቲ አንዴ ስሙኝማ! እህሉም በጉም የትም አይሄድ! የአራተኛ ክፍልን ውጤት ልነግራችሁ ነው!»

ገበያው ቀጥ ይላል። ሚዛን የያዘ ሚዛኑን ያስቀምጣል። «ከሃምሳ አራት ተማሪ አንደኛ…» ሲሉ እናቶች እልልታቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይጠብቃሉ። የሚገርመው ሦስተኛ ላይ አያቆሙም። እስከ ሃምሳ አራተኛው ይወርዳሉ። ዳይሬክተሩ «አያ፣ እስከ ሦስተኛ ይበቃል፣ ሌላው ያፍራል» ቢላቸው «ሌላው ወላጅ የለውም?» አሉት። ለመጨረሻዎቹ ደግሞ አንድ ነገር ፈልገው ሳያገኙ አይመጡም።

«ሃምሳ አራተኛ፣ ከድር ሙሔ! ከድር ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን አልቀረም! ዝናብ ቢዘንብ፣ ወንዝ ቢሞላ መጥቷል! እኔ ራሴ ስድስት ቀን ቀርቻለሁ!»

የከድር እናት ሽንኩርቷን ትታ እልል ስትል ልጇ አንደኛ የወጣ ነበር የምትመስለው።

እኔንም አንድ ዓመት «አያ፣ ለኛስ ደረጃ የለም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አለ እንጂ። ጋሻው፣ ከሃያ ሠራተኛ ሃያኛ።» ትንሽ አሰቡና «ግን ፊሽካ አነፋፍህ ጥሩ ነው» አሉ።

እንግዲህ የሳቸው ትልቋ ስህተት የመጣችው በዚያችው በከድር ዓመት ነው። አራተኛ ክፍል ሁለት ሰይድ አሊ ነበሩ። አንዱ ሰይድ አሊ ይማም፣ ጎበዝ፣ ዝምተኛ፣ አባቱ ውርጌሳ አካባቢ ያርሳል። ሌላው ሰይድ አሊ የሱፍ፣ ይሄ አሁን የደወለልኝ፣ ያን ጊዜ ከክፍል ይልቅ ዛፍ ላይ የሚገኝ። ጎበዙ ሰይድ ሁለተኛ ወጣ። የኛው ሃምሳ ሦስተኛ። ማለትም ከድር ባይኖር ኖሮ መጨረሻ ነበር።

አያ እንድሪስ እንደ ልማዳቸው ወረቀት ሳይይዙ ከራሳቸው እያወረዱ «ሁለተኛ፣ ሰይድ አሊ የ…» አሉ። ሜጋፎኑ ቢሆን የቀረውን ቢውጠው ደግ ነበር። አልዋጠም። «…የሱፍ!» ብሎ አወጣው።

አሊ የሱፍ በግ ሊሸጥ መጥቶ ነበር። በጉን ጥሎ መጣና አያ እንድሪስን ከነአግዳሚው አቀፋቸው። «እንድሪስ፣ የኔ ልጅ? የኔ?» ይላል። ሰው ይመርቀዋል። የጎበዙ ሰይድ አባት ያን ቀን ገበያ አልወጣም፤ የሚያርም ሰው የለም። አያ እንድሪስ ስህተታቸውን ያወቁት ሃምሳ ሦስተኛው ላይ ደርሰው ስም ሲያጡ ነው። እኔ እግራቸው ሥር ቆሜ ነበር፤ ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። ሃምሳ ሦስተኛን ዘለሉት። ቀጥታ ወደ ከድር ሄዱ።

«ዛሬ ማታውን ሄጄ እነግረዋለሁ» አሉኝ። ተከትያቸው ሄድኩ። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ምግብ እንደሚኖር ጠርጥሬ ነው። ስንደርስ ፍየል ታርዷል። ጎረቤቱ ሁሉ አለ። አሊ የሱፍ በር ላይ ቆሞ «ግቡ፣ ግቡ! ልጄን ሰው ያደረጋችሁልኝ!» ይላል። ሰይድ ጥግ ላይ ተቀምጦ የፍየሏን ጎድን ይዟል፣ ግን አይበላም። እሱ ውጤቱን ያውቃል። አያ እንድሪስን ያያል፣ ፍየሏን ያያል። አያ እንድሪስ ሦስት ጊዜ «አሊ፣ አንድ ነገር…» ብለው ጀመሩ። ሦስት ጊዜ ሥጋ አጎረሷቸው።

ስንወጣ ሰይድን ወደ ጎን ጠሩት። እኔ የሚቆጡት መስሎኝ ነበር።

«ሰይዴ፣ ፍየሏን በልተናታል?»

«አዎ፣ አያ።»

«እኔም በላሁ፣ አንተም በላህ። እንግዲህ እውነት እናድርጋት።»

በሁለተኛው ቀን ውርጌሳ ድረስ ሄደው ለዚያኛው አባት በራሱ በር ላይ የልጁን ውጤት ነገሩት። ሜጋፎኑን ይዘው ነው የሄዱት። ለአሊ የሱፍ ግን መንገር አልቻሉም። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ሲሉ ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲያ ግቢ ውስጥ ሰይድን ባዩት ቁጥር የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤

«ሰይዴ፣ ፍየሏ ምን ደረሰች?»

አምስተኛ ክፍል ላይ ሠላሳ አንደኛ ደረሰች። ስድስተኛ ላይ አሥራ አራተኛ። ልጁ ከዛፍ ወረደ። እረፍት ላይ መዝገብ ቤቱ መስኮት ሥር ተቀምጦ ያነባል፤ ያልገባውን ሒሳብ በመስኮቱ ያሾልክላቸዋል። እሳቸውም ከዚያ ወዲያ ወረቀት ሳይዙ አንድም ስም ጠርተው አያውቁም። «ወረቀት ለረሳ ሰው ነው» የምትለዋንም አቆሟት።

ሰባተኛ ክፍል ያለቀ ክረምት አንድ ቀን እኔ የምቀመጥበት ዋርካ ሥር ሮጠው መጡ። አያ እንድሪስ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም፤ እሳት የተነሳ መስሎኝ እኔም ተነሳሁ።

«ጋሻው፣ ሁለተኛ! ደመርኩት፣ ሁለተኛ ነው! ፍየሏ ደረሰች!» የሁሉንም ውጤት የያዘውን ሮስተር ጽፈው ጨርሰው ነበር፤ ካርዱ ገና አልተሞላም። «በዚህ ገበያ እናገራለሁ። ከዚያ አሊን አስቀምጬ ያንንም እነግረዋለሁ። ከዚህ በላይ ይዤው አልኖርም።» ሮስተሩን ብረት ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።

ገበያው ሳይደርስ ጦርነቱ ደረሰ።

ወልድያ ላይ የሚጮኸው ድምፅ እኛ ጋ ሲሰማ መጀመሪያ ነጎድጓድ ነው አልን። ክረምት ነው እኮ። ከዚያ መንገዱ በሰው ሞላ። እኔ ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ ወደ ደሴ ወጣሁ። ሚስቴ ብርድ ልብስ፣ ዱቄት፣ የልጆቹን የልደት ካርድ ያዘች። እኔ ምን እንደያዝኩ ደሴ ስንደርስ ነው ያየሁት፤ ፊሽካዬንና የኳስ መንፊያዬን። ኳሱን አልያዝኩም። መንፊያውን ብቻ። ሚስቴ እስከ ዛሬ ስንጣላ ታነሳዋለች።

አያ እንድሪስ አልወጡም። ባለቤታቸው እግራቸውን ታመው ነበር። አምስት ወር ያህል ግራና ከሌላው ዓለም ተቆርጣ ቆየች። ትምህርት ቤቱ የተዋጊ ሰፈር ሆነ፤ ማንም አይጠጋውም። እህል አለቀ፣ ጨው አለቀ፣ መድኃኒት አለቀ። አሊ የሱፍ ስኳር አለበት። ያ በግ ጥሎ ሮጦ አያ እንድሪስን ያቀፈ ሰውዬ በቁሙ መነመነ።

መንገድ ተከፍቶ ስመለስ አያ እንድሪስን መዝገብ ቤቱ ደጃፍ ላይ አገኘኋቸው። ወንበርና ዴስኩ ተማግዷል። ብረት ቁምሳጥኑን ገንዘብ ያለበት መስሏቸው ነው መሰል በጥይት በሳስተው ከፍተውታል። ባዶ ነው። የመምህራኑም ማርክ ሊስት የለም።

«እግዚአብሔር ያጥናዎ፣ አያ» አልኳቸው። ሰው እንደሞተ ያህል ነው የመጣልኝ።

«አሊ ታሟል፣ ጋሻው» አሉኝ። «ይከርማል ማለት አይቻልም። ሳልነግረው እንዳይሄድ።»

«ታዲያ ሁለተኛ መሆኑን ያውቁ የለ? ሄደው ይንገሩት!»

«ከራሴ አውርጄ?» አሉ። 

ገበያው እንደገና መቆም በጀመረበት ቀን አብረን ወጣን። ዕቃው ትንሽ ነው፣ ሰዉ ቀጭን ነው፣ ግን ገበያ ነው። እኔ አምስት ወር ሙሉ የናፈቀኝ ቆሎ ስለነበር ቀጥታ ወደ ዘሀራ ሄድኩ። ዘሀራ ቆሎ ሻጭ ናት፤ ምላሷ ከቆሎዋ ይበልጥ የተቆላ። ቆሎዬን ይዤ እየቆረጠምኩ አያ እንድሪስ ጋ ስመለስ ጨው ሻጩ ፊት ደርቀው ቆመዋል።

«ጋሻው፣ ይሄን እይ።»

ጨዉ የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «የአምስተኛ ክፍል የሳይንስ ውጤት» ይላል። የሳቸው ጽሑፍ ነው። ፌስታል የለም፣ ጋዜጣ የለም፤ በሩ ከተሰበረው ቤት የተበተነውን ወረቀት ሰው እየለቀመ ዕቃ ጠቅልሎበታል። ማንን ትቆጣለህ? የትምህርት ቤታችን ሃያ ዓመት በርበሬና ጨው ይዞ ገበያ መሐል ተቀምጧል።

ያን ቀንና ቀጥሎ ባሉት ሁለት ገበያዎች አያ እንድሪስ ወዲያው ሰው ልከው ከመርሳ ያስመጡትን ፌስታል ታቅፈው ከሻጭ ሻጭ ዞሩ። ፌስታል ይሰጣሉ፣ ወረቀት ይቀበላሉ።

«ዘሀራ፣ እስቲ ያንን ወረቀት አሳዪኝ።»

«አያ እንድሪስ፣ ቆሎውን ይግዙ፣ ወረቀቱ ምርቃት ነው።»

«ምርቃቱን ስጪኝ፣ ቆሎውን ላንቺው።»

«እህ! የሰው ቆሎ እየበተኑ! ደግሞ ይሄ ምን ይላል? የኔ ልጅ አለችበት?»

«አለች። እንግሊዝኛ ሠላሳ ስምንት።»

«በሉ ይውሰዱት፣ ይደብቁልኝ!»

የሰባተኛ ክፍሉን ሮስተር ግማሽ ከዘሀራ አገኘን። የግራው ግማሽ ነው፤ ስሞቹና አራት ትምህርት። የቀኙ የለም። ሦስት ገበያ ዞርን። የትምባሆ ሱረት ሻጩን፣ ሳሙና ሻጩን፣ በርበሬውን ሁሉ አስፈታን። አያ እንድሪስ በየማታው አሊ ቤት ደርሰው ይመጣሉ፤ «ዛሬ ተቀምጦ ነበር» ወይም «ዛሬ ተኝቶ ነው ያገኘሁት» ይሉኛል። በሦስተኛው ገበያ ዘሀራ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ።

«የዚያን ቀን እኮ ያንን ወረቀት ሁለት ቀድጄ ነው የጠቀለልኩበት። አንዱ እኔ ጋ ቀረ። አንዱን… አንተ መምህር! አንተ አይደለህ የበላህበት?»

አያ እንድሪስ ቀስ ብለው ዞሩ።

«ኪስህን ገልብጥ።»

ቱታዬ እንደ ዕድል ሆኖ ቶሎ አይታጠብም። በሕይወቴ ስንፍናዬ ሰው የጠቀመበት ቀን እሱ ነው። ከቀኝ ኪሴ ከቆሎ ፍርፋሪ ጋር የተጨማደደች ወረቀት ወጣች። ሦስት ገበያ ሙሉ እሷን ፍለጋ ከሷ ጋር ስዞር ነበር።

አያ እንድሪስ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በእጃቸው አቃኗት። ዳሯ ተቀድዷል።

«ይሄስ?»

«እሱን… ጥርሴን ጎርጉሬበታለሁ።»

እዚያ ዳር ላይ የነበረው የስፖርት ውጤት፣ ድምር፣ አማካይና ደረጃ ነው። ዘሀራን ሳቅ ገደላት። አያ እንድሪስ ወረቀቷ ላይ አጎነበሱ። ከዚያ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

«የራስህን ውጤት በላኸው እንጂ። ለመሆኑ ስንት ነበር የሰጠሃቸው?»

እዚህ ላይ አፈርኩ። «ለሁሉም ሰማንያ ነው፣ አያ።»

«እግሩ ለተሰበረውም?»

«ለሱም።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ከመምህራኑ ሁሉ ውጤቱ ሳይጠፋ የተረፈው ያንተ ብቻ ነው።»

ዋርካው ሥር ተቀምጠን ሁለት ቀን ደመርን። እኔ በስልኬ፣ እሳቸው በእጃቸው። ሲለያይ የምሳሳተው እኔ ነኝ። በመጨረሻ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። አንደኛ ጎበዙ ሰይድ። ሁለተኛ መዲና የምትባል ልጅ። የኛው ሰይድ ከመዲና በሁለት ማርክ አንሶ ሦስተኛ።

«ሁለተኛ አላሉኝም ነበር?»

«ብዬ ነበር። አንዱን ስደምር ስቻለሁ ማለት ነው።» ወረቀቱን መታ መታ አደረጉት። «አየህ? ከራሴ ባወርድ ኖሮ አሊን ሁለተኛ ጊዜ ዋሽቼው ነበር።»

እኔ ደግሞ ጭንቅላቴ የማይሆን ቦታ ላይ ነው የሚሠራው። «አያ፣ አሁን ትዝ አለኝ፣ ለሰይድ የሰጠሁት ሰማንያ ሦስት ነው መሰለኝ» አልኩ።

«ለሁሉም ሰማንያ አላልክም?»

«ሯጭ ልጅ ነው እኮ! ማን ያውቃል? ወረቀቱ የለ!»

ያንን የደረቀ ቀይ እስክሪብቶ ከኮፍያቸው ሥር አውጥተው ወደኔ ቀሰሩት።

«ጋሻው። አንድ ጊዜ ያልሠራውን ሰጥቼዋለሁ። ሁለተኛ አልሰጠውም።» ከዚያ ለስለስ አሉና «ግን ዘንድሮ ከፍ ብለሃል። አሥራ ዘጠነኛ ነህ» አሉኝ።

«ሃያኛው ማነው?»

«ገበያ መሐል የዋሸው።»

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ልብስ ሰፊው አግዳሚውን አወጣ። ሜጋፎኑ የት እንደገባ አይታወቅም፤ እኔ ፊሽካ ነፋሁና ገበያው ቀጥ አለ። አያ እንድሪስ በማጣበቂያ የተጣበቀችውን ወረቀት በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ።

«ጀመዓው! ውጤቱ ዘግይቷል፤ አውፍ በሉኝ! የሰባተኛ ክፍል! አንደኛ፣ ሰይድ አሊ ይማም! ሁለተኛ፣ መዲና ሁሴን አራጌ! ሦስተኛ…»

አሊ የሱፍ አህያ ላይ ተቀምጦ በሰይድ ተደግፎ መጥቶ ነበር። ጋቢው ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም።

«…ሰይድ! አሊ! የሱፍ!» አሉ፣ አንድ አንዷን ስም እንደ ድንጋይ እያስቀመጡ።

እልልታ ከመነሳቱ በፊት ከአህያዋ ላይ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ዘንድሮስ የኔው ነው፣ እንድሪስ?»

አያ እንድሪስ ወረቀቷን ዝቅ አደረጉ። እኔ ፊሽካዬ አፌ ውስጥ ቀረ። ሰይድ አንገቱን ደፋ።

«ያንተው ነው» አሉ። «ያንተው ነው፣ አሊ። ታውቅ ኖሯል?»

«በሳምንቱ ጁምዓ ላይ ከዚያኛው አሊ ጋር ተገናኝተን የለ? ሁለት አባት በአንድ ሁለተኛ ስንደሰት ጊዜ ገባን።» ሳቀ፣ ሳሉ አቋረጠው። «ምን ልበልህ? ትደነግጥብኛለህ ብዬ ተውኩት። ፍየሏንም በልተህልኛል።»

ሦስት ዓመት ተኩል። አንዱ እንዳያፍር አንዱ፣ አንዱ እንዳይከፋ ሌላው፣ ሁለቱም ይዘውት ኖረዋል። በየገበያው ሰላም ይባባላሉ፣ በየጁምዓው አብረው ይሰግዳሉ።

አያ እንድሪስ ቀጠሉ፤ ውጤት ተጀምሮ አይቆምማ። ከሃምሳ አራቱ ስንቱ ደሴ ነው፣ ስንቱ አዲስ አበባ ቀርቷል፣ የስንቱ እናት ብቻዋን ቆማለች። መጨረሻው ላይ ደረሱ። ከድር ሙሔ። ከድር ሜዳ ላይ ያገኘው ነገር ፈንድቶበት ከሞተ ወር አልሞላውም። እናቱ ሽንኩርቷ ጋ ተቀምጣለች። ዳይሬክተሩ በእጁ «ይለፉት» የሚል ምልክት አሳያቸው። አያ እንድሪስ አንድ ጊዜ ዘለው ያውቃሉ፤ ሁለተኛ አልዘለሉም።

«ሃምሳ አራተኛ፣ ከድር ሙሔ» አሉ፣ ሳይጮኹ። «ከድር ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን አልቀረም።»

እናቱ ተነሳች። እልል አለች። ብቻዋን። ከዚያ ዘሀራ ተከተለቻት። ከዚያ ገበያው።

ሲጨርሱ አሊ አህያውን አስጠግቶ እጃቸውን ያዘ። «ያ ሁለተኛ የሰው ነበር። ይሄ ሦስተኛ የኔ ነው። ግን ፍየል የለኝም፣ እንድሪስ። አንዲት አልቀረችም።»

«አብሽር። ትቆያለች» አሉት።

መንገድ በመከፈቱ መድኃኒት ገባ፤ አሊም ነፍስ ዘራ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄው ዞረ። አያ እንድሪስ አሊን ባገኙት ቁጥር «ፍየሏ ምን ደረሰች?» ይሉታል። አንዴ «አንዲት ግልገል ገዝቻለሁ» ይላል፣ አንዴ «ሞተችብኝ»፣ አንዴ «ሌላ ይዣለሁ፣ ገና ናት»። እኔ ወልድያ ተዛውሬ በስልክ ሳወራቸው እንኳን መጨረሻ ላይ «የአሊ ፍየል ገና ናት» ሳይሉኝ አይዘጉም። የኔንም ደረጃ ይነግሩኛል። ከአሥራ ዘጠነኛ ንቅንቅ አላልኩም።

ቀብሩ ላይ ደርሻለሁ። ያችን ቀይ ኮፍያ አድርጌ ከሙስሊሙ ጋር ስቆም ማንም አልሳቀብኝም። መንገዱን ሁሉ የያዘው የሳቸው ሮስተር ነው፤ እሳቸው አግዳሚ ላይ ቆመው የጠሯቸው ልጆች፣ ጢም ያወጡ፣ ልጅ ያዘሉ። ሰይድ ቃሬዛውን ይዞ ነበር።

ከመቃብር ተመልሰን ግቢያቸው ውስጥ ስንቀመጥ አሊ የሱፍ አልነበረም። የሄደ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ በበሩ በኩል ብቅ አለ። በአንድ እጁ ከዘራ፣ በአንድ እጁ ገመድ። ገመዱ ጫፍ ላይ የደረሰች ቀይ ፍየል አለች፣ አትገባም ብላ እግሯን ተክላ።

 አሊ አጠገቤ ሲደርስ ቆመ። ባዶውን ወንበራቸውን አየው።

«ይኸው ፍየሏ፣ እንድሪስ» አለ።

ገመዱን ለኔ ሰጠኝና ለባለቤታቸው ሊነግራቸው ወደ ቤት ገባ። ፍየሏ ጎተተችኝ፣ ኮፍያዬ ወደቀ፤ ግማሽ ፀጉሬ ወጣ። ያ ሁሉ ሰው ያየኛል። ኮፍያውን ላነሳ ብል ፍየሏ ታመልጠኛለች። ገመዱን በሁለት እጄ ያዝኩ።